ከመሃል መጀመር

ኅዳር 8

የሆስፒታላችን ፒያኖ ዛሬም አልተቃኘም። ተናግሬ ተናግሬ ምላሴ ደረቀ። የጥገናው ሰውዬ መጣ፣ ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ፣ አንዱን ቁልፍ በሌባ ጣቱ ነካ፣ "ይሠራል እኮ ጋሼ፣ ድምፅ ያወጣል" ብሎኝ ሄደ። በርም ድምፅ ያወጣል።

ጠዋቱ እንደ ወትሮው ነበር። መጀመሪያ ያ ከእናቱ ቀሚስ የማይላቀቀው ትንሹ ልጅ። ወለሉን በጫማው መታ፣ እኔም በጫማዬ መለስኩለት። እናቱ ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው በሚል ዓይን ታየኝ ነበር። አዎ፣ ለዚህ ነው። ከዚያ መንታዎቹ። ከዚያ አለቃ።

አለቃ ሲስተሮቹ ያወጡላት ስም ነው። ስምንት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሞተር ብስክሌት ገጫት፤ ጭንቅላቷ በግራ በኩል ተጎዳ። ቀኝ እጇ ደከመ፣ ቃል ጠፋባት። የሚሏት ሁሉ ይገባታል። ልትመልስ አፏን ስትከፍት ግን… ባዶ። ስለዚህ በግራ እጇ ጣት ታዛለች። ወደ ትራሱ ትጠቁማለች፣ ሲስተሮቹ ይሮጣሉ።

አንጎል ቃልንና ዜማን አንድ ሳጥን ውስጥ አያስቀምጥም። መናገር ያቃተው ሰው መዝፈን ሊችል ይችላል። የሙዚቃ ሕክምና ከሚባለው ሥራዬ ግማሹ ይኼንን ቀዳዳ ፈልጎ በእሱ መግባት ነው።

ዛሬ ዘፈኑን ሙሉውን ዘፈነች። ሦስቱንም ስንኝ። እናቴ ትምጣ… ውሃ ስጡኝ… መስኮት ክፈቱ። ቃሉንም ዜማውንም የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ በፒያኖ እመራለሁ፣ እሷ በግራ እጇ ጭኗን እየመታች ትከተላለች። ከሁለተኛው ስንኝ ወደ ሦስተኛው የሚያሻግረው ኮርድ፣ በአንዴ የሚመቱት የድምፆች ጥምረት፣ ጋ ስንደርስ ራሴን ነዘረኝ። በዚያ በተበላሸ ፒያኖም ቢሆን።

በመስታወቱ በኩል ዳይሬክተሩ ቆሞ ያይ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ደስ አላለኝም። የዳይሬክተር እንባ ሁልጊዜ ደረሰኝ አለው።

ኅዳር 9

አልተሳሳትኩም። ቢሮው አስጠራኝ። ጥር ላይ የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት አለ፤ አለቃ ትዝፈን ነው የሚለው። እኔ በፒያኖ፣ እሷ በማይክ። አዳራሹ ምን እንደሚሆን ያስቡት እስቲ ጋሼ፣ አለኝ። ሲፈልገኝ "ጋሼ" ነኝ፤ በጀት ሲቀንስብኝ "ባለሙያው"።

ሕፃን ልጅ የሱቅ መስታወት ውስጥ አይሰቀልም አልኩት። ሳቀ። ለደም ግፊቴ እንደሚያስብልኝ ነገረኝ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። የኬሚስትሪ መምህርት ናት፤ ፈተና እያረመች ነበር። ቀና ሳትል "አንተስ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትሰቀለው?" አለች።

"እኔ አዋቂ ሰው ነኝ።"

"እሱን ገና እያጣራን ነው።"

ኅዳር 11

ቅዳሜ። የምንጫወትበት ምግብ ቤት። እኔ ፒያኖ ላይ፣ ቤዝ ጊታሩ ላይ ሸምበቆ የምንለው ጓደኛዬ፣ ድራሙ ላይ ነጎድጓድ የምንለው። ሸምበቆ ከቤዙ ይቀጥናል። ነጎድጓድ ስሙን ሊያስከብር ሲል ምንም ነገር ቀስ ብሎ አይመታም፤ ስንት ዓመት ስነግረው…

ሰው ይበላል። እኛ እንጫወታለን። አንዱ ሰውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ እጁን ወደ እኛ እያወናጨፈ፣ ቀንሱ እንጂ ይላል። እኛ ነን ለእሱ ስልክ የምንቀንሰው? ለመነሣት ቃጣኝ። ሸምበቆ በእግሩ ወንበሬን ያዘው።

ከዕረፍት በኋላ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ የአለቃን ዜማ ያለ ቃል ጀመርኩ። ሁለቱ ተከተሉኝ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ የሹካ ድምፅ ቆመ። እውነቴን ነው፣ ቆመ። ሰውዬው ራሱ ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

በዚህ ሁሉ ዓመት ሹካ ያስቆመ ዜማ አልሠራሁም ነበር።

ኅዳር 18

የአለቃ እናት መጣች። ልብስ ፋብሪካ ሰፊ ናት፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የምትመጣው፣ ትከሻዋ ላይ ክር ሳይራገፍ። ዳይሬክተሩ ነግሯታል። በእኔ በኩል ሲዘጋበት በእሷ በኩል ዞሮ ገባ።

"ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ሰው ይስማት" አለች። "ከአደጋው ወዲህ የሚያያት ሁሉ እንደተሰበረ ዕቃ ነው የሚያያት።"

ትምህርት ቤቱንም አነሣች። ርዕሰ መምህሯ ለሁለተኛው መንፈቅ እቀበላታለሁ ብላለች፣ የሚያስፈልጋትን ራሷ መናገር ከቻለች። ክፍሉ በልጅ የተጨናነቀ ነው፤ መምህሩ የእሷን ጣት ሲከታተል ሊውል አይችልም። ካልቻለች ያለው አማራጭ ሌላ ከተማ ያለው የጉዳተኛ ልጆች ማሳደጊያ ነው። አዳሪ። እናትየው ፋብሪካውን ትታ መሄድ አትችልም። ወር በገባ አንድ እሑድ ብታያት ነው።

አይዞሽ አልኳት። ሦስት ነገር መጠየቅ ትችላለች፣ ምን ቀረ? አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ለምሽቱም እሺ አልኩ። ለእናትየው ስል ነው። ነው? ወይስ ለሹካው…

ታኅሣሥ 4

ቆይቼ የሰማሁትን ነው የምጽፈው።

የአለቃ ክፍል ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። መስኮቱ ተዘግቷል። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተነሥታ ተቀመጠችና ዘፈነች። ከመጀመሪያው። እናቴ ትምጣ። ሲስተሯ፣ ማታ ትመጣለች የኔ ቆንጆ፣ አለቻት። ውሃ ስጡኝ። ውሃ መጣላት። በእጇ ገፋችው። ኩባያው አፏ ላይ ሲደቀን ዘፈኑ ተቋረጠ፤ ሲቋረጥ ጠፋባት። እንደገና ከእናቴ ትምጣ ጀመረች። ሌሎቹ ሲስተሮች ተሰበሰቡ። የጎረቤት አልጋ ጠያቂዎች ዞሩ፤ አንዷ በስልኳ ቀረጸቻት። አጨበጨቡላት። በጭብጨባው መሃል ጠፋባት። እንደገና እናቴ ትምጣ። እንደገና አጨበጨቡ። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል፤ እነሱ ከስሜቷ ነው ብለዋል። በመጨረሻ ኩባያውን አንሥታ ወረወረችው። አለቃ ዛሬ ጠባይዋ ተበላሸ ተባለ።

መስኮቱን የከፈተችላት የንግግር ባለሙያዋ ናት። በኮሪደሩ ስታልፍ የልጅቷን ዓይን አየች፤ መስኮቱ ላይ ነበር።

ከዚያ እኔ ጋ መጣች። የልጄ እኩያ ናት፤ ለሥራው አዲስ አይደለችም። ኮሪደር ላይ፣ ሰው እየሰማ።

"ሦስተኛው ስንኝ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ እናቷን መጥራት አለባት፣ ከዚያ ውሃ መጠየቅ አለባት" አለች። "መንገድ ላይ ሰው ካቋረጣት ተመልሳ ከእናቷ ትጀምራለች። እርስዎ ዘፈን ነው የሰጧት። መጠየቂያ አልሰጧትም።"

ሥዕል የተለጠፈበት ካርድ እያሳዩ ልጅ ከማደንቆር ይሻላል አልኳት። ሌላም ብያለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም።

"ካርዱ ቢያንስ ከየትም ይጀመራል" ብላኝ ሄደች። በ"እርስዎ" የተነገረ ስድብ እንዴት ይልጣል።

ታኅሣሥ 5

አልበረደልኝም። እሷ የወተት ጥርሷን ሳትነቅል እኔ ከልጆች ጋር እሠራ ነበር። አንድ መጥፎ ቀን ምን ያረጋግጣል? ልጅቷ ሞቋታል፣ ተነጫንጫለች። በቃ።

ዛሬ ሞከርኳት። ፒያኖውን ሳልነካ የውሃውን ብርጭቆ አሳየኋትና ጠበቅኩ። ብርጭቆውን አየች። ፒያኖውን አየች። እኔን አየች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ግራ እጇ ጭኗን መምታት ጀመረ።

"እናቴ ትምጣ…"

አይ፣ ውሃው አልኳት። ውሃው ብቻ።

"እናቴ ትምጣ…"

ድካም ይሆናል። ነገ እንደገና።

ታኅሣሥ 7

ነጎድጓድ ጋራዥ ውስጥ ልምምድ ነበረን። ለዚያ ምሽት የአለቃን ዘፈን ስናዘጋጅ፣ ማሸጋገሪያው አልጠራልኝም። ሸምበቆ አንድ ድምፅ ያዘገያል። አስቆምኳቸው። "ከሦስተኛው ስንኝ" አልኩ።

ሸምበቆ ገባ። ነጎድጓድ ገባ። እኔ… ጣቶቼ ቁልፉ ላይ ናቸው፣ ዜማው አይመጣም። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እንደገና ከሦስተኛው አልኩ። ምንም። ሦስተኛውን ለማግኘት ሁለቱን ስንኞች በሆዴ ቶሎ ቶሎ እያዜምኩ ነው። የሠራሁት ሰው እኔ።

ነጎድጓድ በሳቅ ፈረሰ። "የገዛ ቤትህ በር ጠፋህ?" አለኝ።

ክዳኑን ዘግቼ ወጣሁ። ኧረ ቀልድ ነው፣ ምን ሆንክ፣ እያሉ ተከተሉኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ሳላስነሣ ተቀመጥኩ።

የሕክምናው ሕግ ይታወቃል፦ ዜማው ከንግግር አይራቅ። ሁለት ድምፅ ይበቃል፣ ከፍና ዝቅ። ሐረጉ ብቻውን ይቁም። መሣሪያ አይግባ፣ ቢገባም ቶሎ ይውጣ። ይህንን ለተማሪዎች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። በፈተናም ጠይቄያለሁ፤ የሳተውን ጥያለሁ። እኔ ግን ሦስቱን ሐረግ በአንድ ክር ሰፋኋቸው። ኮርድ አስገባሁ። ማሸጋገሪያ አስገባሁ። ለምን? ስላማረ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ልጅ ውሃ ጠምቷት እኔ ማሸጋገሪያ እሠራለሁ።

ታኅሣሥ 9

ባለሙያዋን ይቅርታ ጠየቅኳት። በሯ ላይ ቆሜ፣ ሳልገባ። ለቤዝና ለድራም እየተቆጣሁ የኖርኩ ሰው ይቅርታ ላይ ልምምድ የለኝም፤ አጠር አድርጌ ነው ያልኩት። "ይግቡ፣ ይቀመጡ" አለች። ካርዶቿን ከወንበሩ ላይ አነሣችልኝ።

የተስማማነው፦ ፒያኖው ይቆለፋል። ውሃ የምትጠይቀው ቧንቧው ጋ፣ መስኮት መስኮቱ ጋ፣ እናቷን በሩ ጋ። በየቀኑ ቅደም ተከተሉ ይለዋወጣል። ዘፈኑ ከእንግዲህ በማንም አይዘፈንም።

"ሊጠፋባት ይችላል፣ ሁሉም" አለች። "ያውቃሉ አይደል?"

አውቃለሁ።

ታኅሣሥ 12

አለቃ ገባችና በቀጥታ ወደ ፒያኖው ሄደች። ተቆልፏል። ክዳኑን በግራ እጇ መታችው። ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝለትም።

ቧንቧው ጋ ወስጃት "ውሃ ስጡኝ" አልኩ፣ በሁለት ድምፅ፣ ከፍ ዝቅ። አስቀያሚ ነው። የአውቶቡስ ረዳት መንገደኛ ሲጠራ ይመስላል። ጆሮዋን ያዘች። ጆሮ አላት ልጅቷ፣ ምን ልበል።

ታኅሣሥ 13

ለዳይሬክተሩ አለቃ አትዘፍንም አልኩት። የጥሪ ወረቀቱ በፎቶዋ ታትሟል አለኝ። ሰው ቃሉን ይበላል እንዴ ጋሼ?

"እበላለሁ። ዛሬ ቁርሴ እሱ ነው።"

አስረዳሁት። ዘፈኑን በተለማመደች ቁጥር ሰንሰለቱ እንደሚጠብቅ፣ ለአንድ ምሽት ጭብጨባ ትምህርት ቤቷን እንደምናሳጣት። በእሷ ፈንታ ከጓደኞቼ ጋር በነፃ እንጫወታለን አልኩት። ስልኩን እያየ ሰማኝ። ስጨርስ "እናያለን" አለ።

"እናያለን" የሚል ሰው አይቶ ጨርሷል።

ታኅሣሥ 20

ሁሉም ጠፋ። ዘፈኑም ጠፋ፣ አዲሱም አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ድምፅ አላወጣችም። ልብሱን አስተካክላለሁ ብዬ ስፌቱን ተረተርኩት።

እናትየው መጣች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ትዘፍንላት እንደነበር፣ አሁን ወደ ግድግዳው ዞራ እንደምትተኛ ነገረችኝ።

"የነበረችኝን አንዲት ነገር ወሰዱብኝ ጋሼ።"

ምን ልበላት? ስለ አንጎል ቀኝና ግራ ላስረዳት?

እራት ላይ ባለቤቴ፣ አንተ ብትሳሳትስ፣ አለችኝ። ተሳስቻለሁ እኮ፣ ይኼ እርማቱ ነው አልኳት። እርማቱ ስህተት ከሆነስ? አለች። ጮኽኩባት። በተማሪዎቿ ላይ የምትሞክረውን በእኔ ላይ እንዳትሞክር፣ ምን የማልለው አለ። ሳህኗን አንሥታ ሄደች። ተነሥቼ ዕቃውን አጠብኩ። አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ፤ ያንንም አልተናገረችኝም።

ጥር 3

መስኮቱ ጋ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። ባለሙያዋም እኔም ከኋላዋ ነን። ግራ እጇ የመስኮቱን ደፍ ሁለቴ መታ።

"መስኮት…"

በሁለት ድምፅ። ከፍ ዝቅ። "ክፈቱ" የለም። ግማሽ ነው። ግን ከመሃል ነው፣ እናቷን ሳትጠራ፣ ውሃ ሳትጠይቅ።

ለመክፈት ስጣደፍ እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። በባለሙያዋ ጠረጴዛ ማስመሪያ ፈልቅቀን ከፈትነው።

ጥር 9

«ውሃ» የሚለው ቃል መጣ። ቧንቧው ጋ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሄደ። ከሲስተሮቹ ጋር ምንም አትልም፤ ከእናቷ ጋር ምንም። ከእኛ ክፍል ውጭ ድዳ ናት። ይኼ ለትምህርት ቤት ይበቃል? አይበቃም።

ጭራሽ ዳይሬክተሩ ርዕሰ መምህሯን ለምሽቱ ጋብዟታል። የልጅቷን ለውጥ በዓይኗ እንድታይ። አትዘፍንም ያልኩትን ሰምቷል ወይስ አልሰማም? ሄጄ ጠየቅኩት። እንደ እንግዳ ነው የጋበዝኳት ጋሼ፣ አለ። በሩን እንዴት እንደዘጋሁት ኮሪደሩ ሁሉ ያውቃል።

ጥር 18

የትናንቱን በጠዋት እየጻፍኩ ነው። ባለቤቴ ሻይ አስቀምጣልኝ ወጣች።

አዳራሹ ሞልቷል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ አበባ፣ ክራቫት። ተጫወትን። በደንብ ነው የተጫወትነው፤ ነጎድጓድ እንኳ ቀስ ብሎ መታ፣ ታሪክ ነው። አለቃና እናቷ ከፊት ተቀምጠዋል። ልጅቷ በአዲስ ቀሚስና በአዲስ ጥቁር ጫማ፤ ዳይሬክተሩ ነው የላከላቸው። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ስንጨርስ ዳይሬክተሩ ማይኩን ያዘ። አንድ ትንሽ ስጦታ አለችን አለ። ወርዶ የልጅቷን እጅ ያዘ። እናትየው ከወንበሯ ግማሽ ድረስ ተነሣች፣ ሰው ሁሉ እያያት መልሳ ተቀመጠች። ልጅቷን ፒያኖው አጠገብ አቆማት። ማይኩን ወደ አፏ ዝቅ አደረገ። ወደ እኔ ራሱን ነቀነቀ።

አለቃ እኔን አላየችኝም። እጆቼን ነው ያየችው። መጀመሪያውን ኮርድ ነው የምትጠብቀው።

ብሰጣት ትዘፍናለች። እርግጠኛ ነኝ። ጉሮሮዋ ላይ ተዘጋጅቶ አየሁት። ጠፋ ያልነው አልጠፋም ነበር፤ አንድ ኮርድ ብቻ ነበር የቀረው፣ ሁሉም በሰልፍ ይወጣል። አዳራሹ ያለቅሳል፣ ርዕሰ መምህሯ ታለቅሳለች፣ እናትየው እጄን ትስማለች። በማግስቱም ልጅቷ መስኮት ለማስከፈት እናቷን ስትጠራ ትኖራለች።

ካልሰጠኋት… በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የስምንት ዓመት ልጅ አፏን ከፍታ ልትቆም ነው። ማን ሰጠኝ ይህን ሥልጣን?

እጆቼን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

ነጎድጓድ ከኋላዬ "ስጣት እንጂ፣ ሰው አይደለህም?" አለኝ በሹክሹክታ። አልሰጠኋትም። አፏን ዘጋች። ዳይሬክተሩ ሳቀና ዓይን አፋር ናት፣ አጨብጭቡላት አለ። አጨበጨቡ። ርዕሰ መምህሯ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳዋን ታይ ነበር።

አለቀ ብዬ አሰብኩ። በገዛ እጄ ማሳደጊያ አስገባኋት። እጄን ባለማንቀሳቀስ።

በጎን በር ወጣሁ። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ልጅቷ ተቀምጣለች፣ እናትየው ፊቷ ተንበርክካለች። አላየችኝም።

"ደስ አለዎት?" አለችኝ እናትየው ቆይታ፣ ወደ እኔ ዞራ።

ቆምኩ። መሄድም አልቻልኩም።

በመሃል ልጅቷ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ እኔንም እናቷንም ሳታይ፦

"ጫማው ጠበበኝ።"

ድምፅዋ የዛገ በር ነው። ዜማ የለውም። ከፍም የለ፣ ዝቅም የለ። እናትየው ወደ እሷ ዞረች።

"ምን አልሽ?"

"ጫማው" አለች አለቃ። ለደንቆሮ እንደሚነገር። "ጠበበኝ።"

ጫማ የሚል ዘፈኔ ውስጥ የለም። ጠበበኝ የሚል የባለሙያዋ ካርድ ላይ የለም። ማንም አላስተማራትም። አሟታል፣ ተናዳለች፣ ተናገረች።

እናትየው ማሰሪያውን ልትፈታ ሞከረች፣ ተጣድፋ የባሰ ቋጠረችው። እኔም ጎንበስ አልኩ፣ አልቻልኩም። ልጅቷ ሁለታችንንም አይታ ተነፈሰችና በግራ እጇ ራሷ ፈታችው።

ጥር 20

ለባለሙያዋ ነገርኳት። ቃል በቃል አስደገመችኝ። ጫማው ነው ወይስ ጫማዬ? ጫማው። ጠበበኝ ወይስ ጠበበ? ጠበበኝ። ከዚያ ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። እኔን ነው የምትመስለው በዚህ ነገር፤ ለራሷ አልነግራትም።

ዳይሬክተሩ በለጋሾች ፊት አዋረዱኝ አለኝ። አዎ፣ አልኩ። ፒያኖው ከዛሬ ጀምሮ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ይቀመጣል፤ ለእርስዎ ሥራ አያስፈልግም ብለዋል አይደል፣ አለ። ለብዙ ልጆች ያስፈልገኛል። ለዚያ ለትንሹ ልጅ፣ ለመንታዎቹ። እያወቀ ነው። አራት ሰዎች እየጎተቱ ሲወስዱት ወለሉ ላይ የቀረው ጭረት እስካሁን ያንገበግበኛል። ለቦርዱ አቤት እላለሁ፤ በዚህስ አልተወውም።

የካቲት 2

ባለሙያዋ አለቃንና እናቷን ይዛ ትምህርት ቤቱ ሄደች። እኔን አይምጡ አለችኝ፤ ይቆጣሉ አለች። ውጭ መኪና ውስጥ ጠበቅኩ።

ሲመለሱ የነገረችኝ፦ ርዕሰ መምህሯ መጀመሪያ ፊቷ ተዘግቶ ነበር። የዚያን ምሽት ያየችውን አይታለች። መቀበል እንዴት እንደሚያስቸግር እያስረዳች ሳለ አለቃ ከወንበሯ ተነሣችና አቋረጠቻት። "ሽንቴ መጣ።" ርዕሰ መምህሯ ቃሏን ሳትጨርስ ተነሥታ መንገዱን አሳየቻት። ስትመለስ፣ ሰኞ ትምጣ፣ ብቻ አለች።

ቃሎቹ ገና ጥቂት ናቸው። ብዙውን ጊዜ በመሃል ይጠፏታል፣ ትቆማለች፣ ሰው ይጨርስላታል፣ ትናደዳለች። አትጨርሱላት ብዬ እናትየውን አስጠንቅቄያለሁ። ለመምህሩም ንገሪው ብያለሁ። አንድ ሰው ቃል ሲፈልግ ቃል ማቀበል ደግነት የሚመስለው ሁሉ…

የካቲት 24

እናትየው ደወለች። ድምፅዋ ልክ አልነበረም፤ ደነገጥኩ። ትምህርት ቤት አስጠርተዋት ነበር፣ ከሥራ አስፈቅዳ ሄደች። አለቃ ሰው ተሳደበች።

አንድ ልጅ ደብተሯ ላይ ተቀምጦባት። ተነሥ ትለዋለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደምትችለው። እሱ እንዳልሰማ ሆኖ ለጓደኞቹ ይስቃል። ደጋግማ ብትለው ያው ነው።

"ከዚያ ምን አለችው?"

"ኧረ ይተዉት ጋሼ፣ ያሳፍራል።"

"በትክክል ምን አለችው? ቃል በቃል።"

ከኋላዋ የፋብሪካው የስፌት መኪኖች ሲንጫጩ ይሰማኛል። ድምፅዋን አፍና ነው የነገረችኝ።

"‘ጆሮህን ለጌጥ ነው የሰቀልከው?’"

ተቀመጥኩ። ከኪሴ እስክሪብቶ አወጣሁና እጄ ላይ ጻፍኩት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና ምን ሆነሃል አለችኝ፤ ለካ እየሳቅኩ ነው። ድምፅ አውጥቼ። እስኪያመኝ።

እናትየው ያስቆጣኛል ብላ ነበር የደወለችው፤ ግራ ገባት። መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ወጣ ወይስ ወረደ ብዬ ጠየቅኳት። ጥያቄ ከሆነ መውጣት አለበት። ማንም ያንን አላስተማራትም፣ እኔም አላስተማርኳትም፣ ስለዚህ በደንብ አስታውሺ አልኳት።

"እኔ እዚያ አልነበርኩም ጋሼ፣ ምን አውቄ" አለች። "ልጁ ግን አልቅሷል።"